ቀለበት መንገድ ዳር አዲስ አፓርታማ በቦሌ፦ የፊቱ ቤት ወይስ የጀርባው?

ከመገናኛ ተነስቶ በኢምፔሪያል በኩል ወደ ቦሌ ድልድይ፣ ከዚያም ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚያልፈው የቀለበት መንገድ ግራና ቀኝ አዳዲስ አፓርታማዎች በርክተዋል። አሠራራቸው ይመሳሰላል። ከታች አንድ ወይም ሁለት ቤዝመንት ለመኪና ማቆሚያ፣ ምድሩና አንደኛው ፎቅ ለባንክ፣ ለካፌና ለሱቅ፣ ከዚያ በላይ እስከ አሥረኛ ፎቅ መኖሪያ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ በአንድ ፎቅ አራት ቤት አለ፤ ሁለቱ ፊታቸውን ወደ ዋናው መንገድ፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ ውስጥ ወደ ሰፈሩ ያዞራሉ። ሻጮች አራቱንም በአንድ የካሬ ዋጋ ያቀርቧቸዋል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የፊቱን «ቪው አለው» ብለው ያስወድዱታል። የእኛ ፍርድ ተቃራኒው ነው። የጀርባው ቤት ሕንፃው ደህና ከሆነ የተጠየቀበትን ዋጋ ያወጣል። የፊቱ ቤት ግን መስኮቱ ካልተቀየረና ዋጋው ካልቀነሰ አያወጣም።

ሰፈሩ የሚሰጠው ጥቅም የሚካድ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነው፤ መድኃኔዓለም፣ አትላስና ሃያ ሁለት ብዙ አይርቁም፤ ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም እዚያው አካባቢ ነው። ለማከራየት ለሚያስብ ሰውም የበረራ ሠራተኛው፣ የድርጅት ሠራተኛውና ከውጭ የሚመጣው ዳያስፖራ ይህን መስመር ይፈልገዋል። መብራትና ውሃ ከከተማው ዳርቻ ይልቅ እዚህ ይሻላል፤ ግን አይቋረጥም ማለት አይደለም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በሰፈሩ ውስጥ የትኛውን ሕንፃ፣ በሕንፃው ውስጥ ደግሞ የትኛውን በር መምረጥ እንደሚገባ ነው።

ከቤቱ በፊት መንገዱን እንይ። የቀለበት መንገዱ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ መሃሉ በግንብና በአጥር የተከፈለ፣ ማሳለጫና የእግረኛ መሻገሪያ ድልድይ ያለው መንገድ ነው። ሲሠራ የታሰበው መኪና ሳይቆም እንዲያልፍበት ስለሆነ እንደ ሌላው የከተማ መንገድ የትም ቦታ አያዞርም። የዚህ ክብደት የሚገባው ገብቶ ለሚኖርበት ሰው ነው። ሕንፃው ገርጂ በኩል ሆኖ የልጆቹ ትምህርት ቤት መድኃኔዓለም በኩል ከሆነ፣ በካርታ ላይ 300 ሜትር የሚመስለው ርቀት እስከ መዞሪያው ሄዶ መመለስን ይጨምራል። ጠዋት ከ1፡00 እስከ 2፡30፣ ማታ ደግሞ ከ11፡00 እስከ 1፡30 ባለው ጊዜ ይህ ዙር ቀላል አይደለም። ስለዚህ ቤቱን ለማየት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በደላላ መኪና መሄድ አይበቃም። በሥራ ቀን ጠዋት 1፡30 ላይ ከሕንፃው በር ተነስታችሁ ወደምትውሉበት ቦታ ንዱ፤ ማታም ከዚያ ተመለሱ። ስትመለሱ የትኛው መዞሪያ ላይ እንደምትታጠፉ፣ ከዋናው መንገድ ወደ ጎኑ የአገልግሎት መንገድ የሚገባው ክፍተት ከሕንፃው በፊት ነው ወይስ ካለፈ በኋላ የሚለውን ተመልከቱ። ክፍተቱ በሩን ካለፈ በኋላ ከሆነ ነዋሪው በአገልግሎት መንገዱ ላይ ወደ ኋላ፣ ከሚመጣው መኪና ፊት ለፊት መንዳት ይጀምራል። ጎረቤት ሁሉ የሚያደርገው ቢሆንም አደጋው እውነተኛ ነው። መኪና ለሌለው ደግሞ የመሻገሪያ ድልድዩ ርቀት ይታይ፤ ደረጃው ለአዛውንትና ሕፃን ለያዘች እናት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማወቅ ወጥቶ መውረድ ይበቃል።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ፤ የዚህ ቤት ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

የድምፅ መለኪያው ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። የመኪናው ብዛት እጥፍ ቢሆን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ግን ለጆሮ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማል። መንገድ ረጅም መስመር በመሆኑ ርቀታችሁን እጥፍ ባደረጋችሁ ቁጥር የምታተርፉት እንዲሁ 3 ዴሲቤል ገደማ ነው። ከመንገዱ 15 ሜትር ላይ 75 ዴሲቤል ካለ፣ ሜዳው ክፍት እስከሆነ ድረስ 30 ሜትር ላይ 72፣ 60 ሜትር ላይ 69 ይሆናል። «ትንሽ ገባ ያለ ነው» የሚለው የደላላ ማጽናኛ ለዚህ ነው ብዙ የማይረዳው። ሕንፃ በመሃል ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያው ሕንፃ ራሱ ለጀርባው ቤት ግድግዳ ስለሚሆንለት በፊትና በጀርባ መካከል ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል ልዩነት ይገኛል። ይህን ያህል ጸጥታ በርቀት ለማግኘት መቶዎች ሜትር መሸሽ ያስፈልግ ነበር። የጀርባውን ቤት የምንመርጠው በዚህ ስሌት ነው።

በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ መመዘኛ ለመኖሪያ አካባቢ የተቀመጠው ጣሪያ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመኝታ ክፍል ውስጥ የሚመክረው 30 ገደማ ነው። ከበረንዳው 75 ዴሲቤል የሚሰማበት ቤት መኝታ ክፍሉ ውስጥ 30 እንዲደርስ ግድግዳና መስኮት ተባብረው 45 ዴሲቤል መቀነስ አለባቸው። በሁለት ወገን የተለሰነ የ20 ሳንቲም ብሎኬት ይህን ያህል ሊቀንስ ይችላል። መስኮቱ ነው የማይችለው። በብዛት የሚገጠመው ባለ አንድ መስታወት ስላይዲንግ አሉሚኒየም በደህና ቀኑ ከ20 እስከ 25 ይቀንሳል። ስለዚህ ውስጥ የሚቀረው 50 አካባቢ ነው፤ አጠገባችሁ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያወራ የሚያህል ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ አይለያችሁም። የመስታወቱ ውፍረት ብቻውን አያድንም፤ ምክንያቱም ድምፅ የሚገባው በክፍተት ነው። ከግድግዳው ስፋት አንድ መቶኛው ክፍት ከሆነ የቀረው ግንብ የቱንም ያህል ቢወፍር አጠቃላይ ቅነሳው ከ20 ዴሲቤል አያልፍም።

መስኮቱን ለመፈተሽ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ወረቀት መሃል አስገብታችሁ ዝጉትና ሳቡ፤ ያለ ምንም ትግል ከወጣ ጎማው አልያዘም። እጣን ለኩሳችሁ በፍሬሙ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ ጭሱ የሚሸሽበት ወይም የሚሳብበት ቦታ ድምፅም አቧራም የሚገባበት ነው። በተለይ ስላይዲንጉ ሁለቱ ቅጠሎች መሃል ላይ በሚደራረቡበት ቦታና ከታች በሐዲዱ በኩል ይህ ሁልጊዜ ይታያል፤ የሚዘጋው በፀጉራማ ብሩሽ እንጂ በጎማ አይደለምና። ከዚያ ፍሬሙ ከግንቡ ጋር የተገናኘበትን መስመር በጣት ጫኑ። ከውስጥ ሲሊኮን ተቀብቶ ከሥሩ ባዶ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ጥፋት ነው። የኩሽናው ጭስ ማውጫና የመታጠቢያው ማራገቢያ ቀዳዳ ወደ መንገዱ ከተከፈቱም በእነሱ የሚገባው ድምፅ ውድ መስኮት ያስገጠመውን ሰው ገንዘብ ከንቱ ያደርጋል።

መስኮት መቀየር ካስፈለገ ስላይዲንጉን አውጥቶ በመታጠፊያ የሚከፈት፣ ሲዘጋ ጎማውን የሚጫን መስኮት መግጠም የመጀመሪያው እርምጃ ነው። መስታወቱ ድርብ ይሁን፤ ሁለቱ ግን እኩል ውፍረት አይኑራቸው። 6 ሚሊ ከ6 ሚሊ ጋር ሲገጠም ሁለቱም በአንድ ዓይነት ድምፅ ላይ አብረው ይንቀጠቀጣሉ፤ 6 ሚሊ ከውጭ፣ 12 ሚሊ ክፍተት፣ ከውስጥ 8 ሚሊ ላሚኔትድ (በመሃሉ ስስ ፕላስቲክ ያለው መስታወት) ቢሆን ይሻላል። የከባድ መኪና ሞተር ወፍራም ድምፅ ግን በዚህም ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ለእሱ የሚበጀው ነባሩን መስኮት ሳይነኩ ከውስጥ በኩል ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ርቀት ላይ ሁለተኛ መስኮት መግጠም ነው። ሰፊው የአየር ክፍተት ከውዱ መስታወት የበለጠ ይሠራል፣ ዋጋውም ይቀላል። የሚያስከፍላችሁ የመጋረጃውን ቦታና ጠባብ የመስኮት ደፍ ነው። ፊቱን መቀየር የሕንፃውን መልክ ስለሚነካ የነዋሪው ማኅበር ወይም አልሚው መፍቀዱን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ፤ ከውስጥ የሚገጠመው ግን ማንንም አያስቆጣም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በሌላ አገር ከተሞች መንገድ ዳር ያለ ቤት መስኮቱን ዘግቶ በኤርኮንዲሽነርና በአየር ማስገቢያ ይኖራል። አዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስላለች ሙቀት አያስቸግረንም፤ ስለዚህም አፓርታማዎቻችን አየር ማስገቢያ መሣሪያ የላቸውም። ቤታችን የሚተነፍሰው በመስኮት ነው። የምጣዱ እንፋሎት፣ የቡናው ጭስ፣ የእጣኑ፣ የክረምቱ እርጥበት ሁሉ የሚወጣው በዚያው ነው። ድርብ መስኮት ገጥሞ የዘጋ ሰው ጸጥታ ያገኛል፤ ከሦስት ወር በኋላ ግን ቁምሳጥኑ ጀርባ ላይ ሻጋታ ያገኛል። ስለዚህ የፊት ቤት ከገዛችሁ ቢያንስ አንድ ወገኑ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ የሚከፈት የማዕዘን ቤት ይሁን። የመንገዱን ተዘግቶ የሌላው ተከፍቶ ቤቱ አየር ያገኛል። ሳሎኑ ወደ መንገዱ፣ መኝታ ክፍሎቹ ወደ ውስጥ የዞሩበት ቤት የሚቻል ነው። ዋናው መኝታ «ማስተሩ ቪው እንዲኖረው» ተብሎ ወደ ቀለበት መንገዱ የዞረበት ፕላን ግን በምንም ዋጋ አንመክረውም።

ፎቁ ከፍ ሲል ድምፁ ይጠፋል የሚለውም አያስተማምን። ምድር ቤቱን አጥርና የቆመ መኪና ትንሽ ይከልሉታል። ከሁለተኛና ከሦስተኛ ፎቅ ጀምሮ መንገዱ ወለል ብሎ ስለሚታይ ድምፁ በቀጥታ ይደርሳል። አሥረኛ ላይ ከሦስተኛው የሚሻለው በጥቂት ዴሲቤል ነው፤ ጥቀርሻው ግን በእርግጥ ይቀንሳል። ከፎቁ ይልቅ የመንገዱ ቅርጽ ይወስናል። ዳገት ላይ ከባድ መኪና ማርሽ ይቀንሳል፤ የድልድይ መጋጠሚያ ላይ ጎማ በየደቂቃው ይመታል፤ ታክሲ የሚቆምበት ቦታ ላይ ረዳቱ ይጣራል፣ ክላክስ ይበዛል። በአንጻሩ መንገዱ ዝቅ ብሎ በግንብ መሃል በሚያልፍበት ቦታ ታችኞቹ ፎቆች ደህና ናቸው። ከባድ የጭነት መኪኖች በቀን በከተማው መንገዶች ላይ ገደብ ስላለባቸው የሚበዙት ሌሊት ነው። ቤቱን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ሳትሰሙ ቀብድ አትክፈሉ።

«መኪናው ሁሉ ኤሌክትሪክ እየሆነ ነው፤ ድምፁ ይቀራል» የሚል መከራከሪያም አሁን አሁን ይሰማል። በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና መብዛቱ እውነት ነው። ጭሱ ላይ ለውጥ ያመጣል። ድምፁ ላይ ግን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ የመኪናን ድምፅ የሚወስነው ሞተሩ ሳይሆን ጎማው ከአስፋልቱ ጋር የሚፈጥረው ፍትጊያ ነው። ቀለበት መንገዱ ክፍት በሆነ ጊዜ ሁሉ ከዚያ በላይ ይነዳበታል፤ ሌሊት የሚያልፉት የጭነት መኪኖችም ያው ናፍጣ ናቸው።

አውሮፕላኑ ሌላ ጉዳይ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ በግምት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ስለሆነ ወደ ቦሌ ሚካኤል የሚወርደው የመንገዱ ክፍል ከበረራው መስመር ይቀርባል፤ ወደ ኢምፔሪያልና መገናኛ የሚወጣው ይርቃል። ብዙዎቹ የሩቅ በረራዎች የሚነሱት ሌሊት ነው። ድምፁ ከላይ ስለሚመጣ የጀርባ ቤት መሆን ከዚህ አያድንም፤ በላይኛው ፎቅ ላሉት ደግሞ የጣሪያው ስላብ ውፍረትና መስኮቱ ብቻ ናቸው መከላከያው።

አየሩን በነጭ ጨርቅ መፈተን ይቻላል። ርጥብ ነጭ ጨርቅ ለአንድ ሳምንት ሳይጠረግ የቆየ የመስኮት ደፍ ላይ አሳልፉ። ቡናማ ከሆነ የግንባታና የአፈር አቧራ ነው፤ ግንባታው ሲያልቅ ይቀንሳል። ጥቁር ሆኖ ቅባት ቅባት ካለው የናፍጣ ጥቀርሻ ነው፤ እሱ አይቀርም። ብክለቱ ከመንገዱ ጠርዝ በመጀመሪያዎቹ 100 እና 150 ሜትር ውስጥ በፍጥነት ስለሚቀንስ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ረድፍ ላይ ያለ ሕንፃ በዚህ ብዙ ይበልጣል። በበጋ ነፋሱ በአብዛኛው ከምሥራቅ ስለሚነፍስ ከመገናኛ ቦሌ ባለው ክፍል ጭሱን የሚቀበለው የምዕራቡ ማለትም የመድኃኔዓለም በኩል ያለው ጎን ነው። አስም ያለበት ልጅ ላለው ቤተሰብ የፊት ቤት ጭራሽ አይታሰብ።

ወደ ሕንፃው አካል ስንገባ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ የታንከሩ መጠን ከሴራሚኩ ይቀድማል። 36 ቤት፣ በቤት 4 ሰው፣ ለሰው በቀን 80 ሊትር ብንል 11,500 ሊትር ነው። ሦስት ቀን ውሃ ቢጠፋ 35 ሺህ ሊትር ያስፈልጋል። ከቤዝመንቱ በታች ያለው ታንከር ከዚህ ካነሰ፣ ወይም ለእሳት የተያዘው ውሃ ከዚያው ከተቆጠረ፣ በየበጋው ቦቴ ትገዛላችሁ። ፓምፑ ሁለት መሆኑን፣ ሁለቱም እንደሚሠሩ አስነሥታችሁ እዩ። አንዱ ሲበላሽ ጥገናው ቀናት ይወስዳል። የላይኛው ፎቅ ላይ ሻወሩን፣ የኩሽናውን ቧንቧና የሽንት ቤቱን ውሃ አንድ ላይ ክፈቱ፤ ሻወሩ ከደከመ የጣሪያው ሮቶ ከመጨረሻው ቤት ጋር ያለው ከፍታ አንሷል፣ ተጨማሪ የግፊት ፓምፕ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

መብራት ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ትራንስፎርመሩ ስንት ኬቪኤ (የአቅሙ መለኪያ) ነው፣ ለሕንፃው ብቻ ነው ወይስ ከሰፈሩ ጋር የጋራ? የእንጀራ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል፤ የውሃ ማሞቂያው 2 ገደማ። ለአንድ ቤት 8 ኪሎዋት ይዘን ግማሹ ቤት በአንድ ጊዜ ይጠቀማል ብንል 36 ቤት 144 ኪሎዋት ነው፤ ሊፍት፣ ፓምፕና የታች ሱቆች ሲጨመሩ 200 ኬቪኤ ይጨንቀዋል፣ 315 ይበቃል። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ቤት ምጣድ ሲጥድ ፊውዙ የሚወድቀው ይህ ስሌት ባልተሠራለት ሕንፃ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ከቤቱ ቆጣሪ እስከ ማቆሚያ ቦታው 32 አምፔር የሚሸከም የራሱ ኬብል መሳብ ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቅ። አንድ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ይወስዳል፤ ስድስት ሰው ማታ ሲመለስ ቢሰካ 42 ነው። ይህን ሳያስቡ የተሠሩ ቤዝመንቶች ጥቂት አይደሉም። ጄኔሬተሩ ሊፍትና ፓምፕን ብቻ ነው የሚያስነሣው ወይስ ቤት ውስጥም ይገባል የሚለውን በቃል ሳይሆን ዋናውን አስጠፍታችሁ አረጋግጡ። የት እንደተቀመጠም እዩ፤ የጭስ ማውጫው በጀርባው በኩል ከሆነ ጸጥታ ብላችሁ የመረጣችሁት ቤት መስኮት ሥር ይሆናል። የባንኩ ጄኔሬተርና የካፌው ጭስ ማውጫም እንዲሁ። የጭስ መስመሩ እስከ ጣሪያ ያልወጣ ካፌ ያለበትን ሕንፃ እለፉት።

ቤዝመንቱ የሚፈተነው በሐምሌና በነሐሴ ነው። መውረጃው ከአገልግሎት መንገዱ ይጀምራል፤ የመንገዱ ቦይ በቆሻሻ ሲደፈን ጎርፉ የሚገባው በዚያ ነው። በመውረጃው አፍ ላይ ከፍ ያለ ጉብታና በፍርግርግ የተከደነ ቦይ፣ ከታች ደግሞ የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ሊኖር ይገባል። ግድግዳው ላይ ከወለሉ ከፍ ብሎ አግድም የሄደ የውሃ መስመር ካያችሁ፣ ቀለም የተቀባው ለምን እንደሆነ ገብቷችኋል። ቁልቁለቱ በአንድ ሜትር ከ15 ሳንቲም በላይ ከወረደ ዝቅ ያለ መኪና ሆዱን ይመታል፤ በዝናብም ጎማ ያንሸራትታል።

የቦሌ አፈር በብዙ ቦታ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ክረምት ይነፋል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በጥልቅ መሠረት የቆመው ዋናው ሕንፃ ይችለዋል፤ የሚጎዳው አጥሩ፣ የግቢው ንጣፍና ከመሬት ሥር የሚሄደው የፍሳሽ ቧንቧ ነው። ግቢው ውስጥ የሰመጠ ማንሆል ወይም ከሕንፃው የተገነጠለ ንጣፍ ካለ ቧንቧውም ተላቆ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ቢምና ብሎኬት በሚገናኙበት መስመር የሚታይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አያስደንግጥ፤ ከልስኑ በፊት ሽቦ መረብ ስላልተደረገ የመጣ ነው። ሰያፍ ሆኖ ከመስኮት ጥግ የሚወጣ፣ ሳንቲም የሚያስገባ ስንጥቅ ግን የስትራክቸር መሐንዲስ ይየው። የመንገዱ ንዝረት ነው የሚባለው ሰበብ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም።

ሊፍት ለዚህ ያህል ቤት ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ሶፋና አልጋ የሚያስገባ ይሁን። ለቅሶና ድግስ የሚደረግበት ቦታም ይጠየቅ። ቀለበት መንገድ ዳር ድንኳን መጣል አይቻልም፤ ሕንፃው አዳራሽ ወይም ሰፊ ጣሪያ ከሌለው እንግዳ የሚቀመጥበት የለም።

ካሬው ላይ እንጠንቀቅ። «150 ካሬ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የኮሪደሩን፣ የደረጃውንና የሊፍቱን ድርሻ ይጨምራል። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል እንያዝ፦ በካሬ 150 ሺህ ብር ቢሆን ዋጋው 22.5 ሚሊዮን ነው። ውስጡ ተለክቶ 118 ካሬ ከወጣ፣ የምትኖሩበትን ካሬ የገዛችሁት በ190 ሺህ ነው። በሌዘር ሜትር እያንዳንዱን ክፍል ከልስን እስከ ልስን ለኩና ሕንፃዎችን በዚህ ዋጋ አነጻጽሩ። የፊቱን ቤት ስትደራደሩም የሁለተኛውን መስኮት ሥራ በየክፍሉ አስገምታችሁ ከዋጋው እንዲቀነስ ጠይቁ፤ ሻጩ «ቪው» ሲል የድምፁን ልኬት አሳዩት። የስልክ መለኪያ ለፍርድ ቤት አይሆንም፤ የፊቱንና የጀርባውን ቤት ለማነጻጸር ግን ይበቃል። በረንዳ ላይ 15 ደቂቃ፣ ከዚያ መስኮት ተዘግቶ የአልጋው ራስ በሚሆንበት ቦታ 15 ደቂቃ ያዙ።

ወረቀቱን በአጭሩ። የግንባታ ፈቃዱ ላይ ያለው የፎቅ ብዛት ከቆመው ጋር ይመሳከር፤ የመጠቀሚያ ፈቃድ መውጣቱ ይታይ፤ የመሬቱ ካርታ በባንክ ዋስትና ወይም በእግድ አለመያዙ ከክፍለ ከተማው ይጠየቅ። በዋና መንገድ ዳር ደግሞ አንድ ይጨመራል፦ የመንገዱ ወሰን የት ድረስ ነው? ከ2016 ጀምሮ በተሠራው የኮሪደር ልማት የእግረኛና የብስክሌት መንገዱ ሲሰፋ አጥርና የፊት ማቆሚያ የተነሣባቸው ሕንፃዎች አሉ። ከፊት ለፊት «የእንግዳ ፓርኪንግ» ተብሎ የሚታየው ቦታ በካርታው ውስጥ መሆኑን በልኬት አረጋግጡ። ለየቤቱ የተለየ ካርታ የሚወጣውና ነዋሪው ማኅበር የሚያቋቁመው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ነው፤ የማኅበሩ መተዳደሪያ ሱቆቹ ለጄኔሬተር፣ ለጥበቃና ለጽዳት ስንት እንደሚያዋጡ፣ አንደኛ ፎቅ ላይ መጠጥ ቤት መክፈት የሚፈቀድ መሆን አለመሆኑን ይናገር። ብሩ በሐምሌ 2016 በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውል ውስጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ በዝቷልና ጣሪያ የሌለው ማስተካከያ አትፈርሙ።

እርግጠኛ ያልሆነ ሰው በዚያው ሕንፃ ተከራይቶ መሞከር ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ለማከራየት የሚገዛ ሰውም የፊቱ ቤት ተከራይ ቶሎ ቶሎ እንደሚለዋወጥ ቢያስብ መልካም ነው።

ስትረከቡ የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ ደፍናችሁ ወለሉ ላይ ውሃ ለ24 ሰዓት አቁሙና የታችኛውን ቤት ጣሪያ እዩ። ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከሥሩ ሙጫ የለውም። ሶኬቶቹ የመሬት ሽቦ እንዳላቸው በቴስተር ይታይ። ከመጨረሻው ክፍያ 5 በመቶው የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ እንዲቆይ በውሉ አስገቡ። ሰኔ ላይ የተረከባችሁት ቤት የመስኮቱ ደፍ፣ የበረንዳው ቁልቁለትና ቤዝመንቱ ውሃ ማስገባት አለማስገባታቸው የሚታወቀው መስከረም ሲጠባ ነው፤ ያን ጊዜ አልሚውን ተመልሶ እንዲያስተካክል የሚያመጣው በእጃችሁ ያለው ገንዘብ ነው።